የአሮጌ ጠመንጃ ተገቢ ዋጋ እንዴት ይገመታል?

መግቢያ



በዚህ የጥናት ዓምድ ስለ አንድ አሮጌ ጠመንጃ እንጽፋለን። አንዳንዶቻችሁ «የሕክምና ተማሪዎችን ከጠመንጃ ጋር ምን አገናኛቸው?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። አጥፍተናል፤ ጥፋታችንም የሌላ ሰው ገንዘብ አስከፍሏል። ያጠፋነውን ለመረዳት ስንል ብዙ አነበብን፣ ዐዋቂም ጠየቅን። በስሕተት የተገኘ ትምህርት ለሌላው ካልተካፈለ ስሕተቱ ሁለት ጊዜ እንደ ተፈጸመ ይቆጠራልና የተማርነውን እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የነገሩ መነሻ

እኛ አራት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች እዚህ ኢስታንቡል ውስጥ በአንዲት የዕድሜ ባለጸጋ ቤት ላይኛው ፎቅ ተከራይተን እንኖራለን። በአገሩ ደንብ «ቴይዜ» እንላቸዋለን፤ «አክስቴ» እንደ ማለት ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ባለፈው ክረምት የቤቱ ጣራ ማፍሰስ ጀመረ። ለጥገናው የሚሆን ገንዘብ በእጃቸው ስላልነበረ ቴይዜ ሟቹ ትተውት የሄዱትን አንድ ዕቃ ለመሸጥ ወሰኑ። ዕቃው ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ፣ ወረቀቱም የተሟላ፣ አካሉ ቢጫ የሆነ አሮጌ ጠመንጃ ነበር።

አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ መጣ። ጠመንጃውን ሁለት ጊዜ ገለባብጦ አየና «ይህ ለግድግዳ ጌጥ እንጂ ለሌላ አይሆንም» ብሎ ትንሽ ዋጋ ጠራ። ቴይዜ ወደ እኛ ዘወር አሉና «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ልሽጠው?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም «አይቸኩሉ፤ ሌላ ገዢ እንፈልጋለን» አልናቸው። እስከዚህ ድረስ ጥሩ አደረግን።

ከዚያ በኋላ ግን «ዕቃ ሲያምር ዋጋው ይጨምራል» በሚል ሐሳብ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ጀመርን። ቢጫውን አካል በሎሚና በጨው አሽተን በድስት ማጠቢያ ሽቦ ፈተግነው። የብረቱን ቡናማ ገጽ በሻካራ ወረቀት አነጣነው። እንጨቱን ልገን ቫርኒሽ ቀባነው። ወደ ማታ ጠመንጃው እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራ ጀመር። ቴይዜም አይተው መረቁን።

በሳምንቱ በጥንታዊ መሣሪያ ዕውቀታቸው የሚታወቁ አንድ አዛውንት ቤታችን መጡ። ሙያቸው መገመት እንጂ መግዛት አይደለም። ጠመንጃውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱት። በመጨረሻም «ይህን ያጠበው ማን ነው?» አሉ። እኛ መሆናችንን ነገርናቸው። «ባትነኩት ኖሮ የዛሬውን እጥፍ እጽፍላችሁ ነበር» አሉን። ቴይዜ በዚያው ክፍል ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ስናጸዳው ዋጋው ለምን ቀነሰ? አንድ አሮጌ ጠመንጃ ዋጋውን የሚያገኘው ከየት ነው?

2. «ተገቢ ዋጋ» ምን ማለት ነው?

በአንድ ዕቃ ላይ ብዙ ዓይነት ዋጋ አለ። አንደኛው የመገልገያ ዋጋው ነው፤ ማለትም ዕቃው የሚሰጠው አገልግሎት። የ150 ዓመት ጠመንጃ በዚህ በኩል ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፤ ጥይቱ በገበያ የለም፣ ቢገኝም መተኮሱ ለተኳሹ አደገኛ ነው። ሁለተኛው የስሜት ዋጋ ነው፤ ለቴይዜ ጠመንጃው የባለቤታቸው ማስታወሻ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ቢሆንም በገንዘብ አይለካም። ሦስተኛው የገበያ ዋጋ ነው።

ተገቢ የገበያ ዋጋ የሚባለው ለመሸጥ ያልተገደደ ሻጭና ለመግዛት ያልተገደደ ገዢ፣ ሁለቱም ስለ ዕቃው ማወቅ የሚገባቸውን ዐውቀው የሚስማሙበት ዋጋ ነው። በዚህ ትርጉም ውስጥ ሁለት ምሰሶዎች አሉ፤ አለመገደድና ዕውቀት። ጣራው የሚያፈስበት ሰው በከፊል የተገደደ ነው። ስለ ዕቃው ምንም የማያውቅ ሻጭ ደግሞ ሁለተኛው ምሰሶ ወድቆበታል። የመጀመሪያው ነጋዴ የጠራው ዋጋ ተገቢ ያልሆነው ትንሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ አንዱ እያወቀ ሌላው ሳያውቅ የተጠራ ዋጋ ስለነበረ ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴዎችን በጅምላ መውቀስ ተገቢ አይደለም። ነጋዴ የሱቅ ኪራይ ይከፍላል፤ ዕቃው እስኪሸጥ ወራት ይጠብቃል፤ የመክሰር አደጋም አለበት። ስለሆነም የሚገዛበት ዋጋ ከሚሸጥበት ማነሱ ትክክል ነው። ትክክል የማይሆነው ዕቃው ምን እንደሆነ እያወቀ ሌላ ነገር ነው ብሎ ሲናገር ነው።

3. የምርመራው ቅደም ተከተል

በሕክምና ትምህርት አንድን በሽተኛ ስናይ በቅደም ተከተል እንሄዳለን። ታሪኩን እንጠይቃለን፤ በዐይን እናያለን፤ በእጅ እንዳስሳለን፤ ከዚያም ወደ ላቦራቶሪ እንልካለን። ሳይመረምሩ መድኃኒት ማዘዝ ክልክል ነው። እኛ ግን በጠመንጃው ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ሳንመረምር አከምን። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

ሀ. ደኅንነት

ማንኛውም ጠመንጃ ጥይት አለው ተብሎ ይያዝ። አፈሙዙ ወደ ሰው አይዙር፤ ጣት ወደ ምላጭ አይቅረብ። መፈተሽ የሚችል ዐዋቂ ባዶ መሆኑን በዐይኑ ሳያረጋግጥ ማንም አይነካካው። «አያቴ ከሞቱ ወዲህ ማንም አልነካውም» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም፤ እንዲያውም አያት አጉርሰው ትተውት ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለ። በ2014 በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት፣ በግሬት ቤዝን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አንድ ዊንቸስተር ጠመንጃ ዛፍ ተደግፎ ቆሞ ተገኘ። እንጨቱ በፀሐይ ተሰንጥቆ፣ ብረቱ ዝጎ ነበር። ባለሙያዎቹ ሊፈቱት አልቸኮሉም፤ ወደ ሆስፒታል ወስደው በራጅ አነሡት። በርሜሉ ባዶ ነበር፤ በሰደፉ ውስጥ ባለው ትንሽ ጓዳ ግን አንድ ጥይት ተደብቆ ተገኘ። ከዚያም ጠመንጃውን አላሳመሩትም፤ እንዳይበሰብስ ብቻ አድርገው እንደተገኘ አቆዩት። ይህን ስናነብ አፈርን። እነሱ ጠመንጃውን እንደ በሽተኛ ራጅ ሲያነሡት፣ የሕክምና ተማሪዎቹ እኛ በድስት ሽቦ ፈተግነው።

ለ. ማንነቱን ማወቅ

የቴይዜ ጠመንጃ በማንሻ የሚቀባበል ከሚባለው ዓይነት ነው። ከምላጩ በታች እንደ ቀለበት የተሠራ ማንሻ አለው። ማንሻው ወደ ታችና ወደ ፊት ሲገፋ ባዶው ቀለህ ይወጣል፤ ሲመለስ አዲስ ጥይት ከካዝናው ወጥቶ ይጎርሳል። ካዝናው ከበርሜሉ ሥር የተዘረጋ ቧንቧ ነው።

የዚህ ዓይነት ጠመንጃ ታሪክ ባጭሩ እንዲህ ነው። በ1860 አሜሪካዊው ቤንጃሚን ታይለር ሄንሪ በስሙ የሚጠራውን ጠመንጃ የፈጠራ መብት አገኘበት፤ የተሠራውም 14,000 ያህል ብቻ ነው። በ1866 የዊንቸስተር ኩባንያ ይህንኑ አሻሽሎ ሞዴል 1866ን አወጣ። አካሉ ከመዳብ ቅይጥ የተሠራና ቢጫ ነው፤ በቀኝ ጎኑ ጥይት ማስገቢያ መስኮት ተጨመረለት። የተሠራውም 170,000 ያህል ነው። በ1873 አካሉ ብረት የሆነው ሞዴል 1873 ተከተለ፤ ከእርሱም 720,000 ያህል ተሠርቷል። ኋላም በጆን ብራውኒንግ ንድፍ ሞዴል 1886፣ 1892 እና 1894 መጡ። የመጨረሻው ሞዴል እስከ 2006 ድረስ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ተመርቷል።

እነዚህ ቁጥሮች ለምን ያስፈልጋሉ? ብርቅነት ከዋጋ ምክንያቶች አንዱ ስለሆነ ነው። ሆኖም ብርቅነት ብቻውን ዋጋ አያመጣም፤ ፈላጊም መኖር አለበት። በሌላ በኩል በብዛት የተመረተ ሞዴል ቢሆንም ከመካከሉ ልዩ ትእዛዝ የሆነው ብርቅ ሊሆን ይችላል። ከሞዴል 1873 ውስጥ በርሜላቸው ሲፈተሽ ከሌሎቹ የበለጡት «ከሺህ አንድ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጾባቸው ነበር፤ ቁጥራቸው ከ150 አይበልጥም። ዛሬ ሰብሳቢዎች ከሁሉ አስበልጠው የሚፈልጓቸው እነርሱን ነው።

አሁን ይህ የአሜሪካ ጠመንጃ ኢስታንቡል ምን አመጣው? በ1870 እና 1871 የኦቶማን መንግሥት 45,000 ረጃጅምና 5,000 አጫጭር ሞዴል 1866 ጠመንጃዎችን ገዝቷል። በ1877 ከሩሲያ ጋር በተደረገው ጦርነት ኦስማን ፓሻ ፕሌቭናን (ዛሬ በቡልጋሪያ ያለችውን ፕሌቨን) ሲከላከሉ፣ ወታደሮቻቸው ለሩቁ የፒቦዲ ማርቲኒ ጠመንጃ፣ ለቅርቡ ዊንቸስተር ይዘው በሩሲያ ሠራዊት ላይ ከባድ ጉዳት አድርሰዋል። ረጅሙ የወታደር ዓይነት 27 ኢንች በርሜል አለው፤ እንጨቱም እስከ አፈሙዙ አጠገብ ይዘልቃል። የቴይዜ ጠመንጃ ይህን ይመስል ነበር። በቢጫው አካል ላይም በኦቶማን ፊደል የተመታ ምልክት ነበረው። «ነበረው» ያልነው እኛው ስለፈተግነው ነው።

ማንነትን ለማረጋገጥ በበርሜሉ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ የፈጠራ መብቱ ቀንና መለያ ቁጥሩ መመሳከር አለባቸው። በሞዴል 1866 እና 1873 ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከምላጩ በስተኋላ፣ በማንሻው ሥር ነው። ለብዙ ዊንቸስተሮች የፋብሪካው መዝገብ በዋዮሚንግ ግዛት በኮዲ ከተማ ባለው የጦር መሣሪያ ሙዚየም ይገኛል። ከዛፍ ሥር የተገኘው ጠመንጃ በ1882 መሠራቱ የታወቀው በዚህ መዝገብ ነው። የጥንቶቹ ሞዴል 1866ዎች ግን ብዙዎቹ መዝገብ የላቸውም።

ቅጂም አለ። በስፔን ኤይባር ከተማ «ኤል ቲግሬ» የሚባል የሞዴል 1892 ቅጂ በብዛት ተሠርቷል። በጣሊያንም የ1866 እና የ1873 አምሳያዎች እስከ ዛሬ ይሠራሉ። እነዚህ በራሳቸው መጥፎ ዕቃዎች አይደሉም፤ መጥፎ የሚሆኑት በአሲድ አስረጅተው የጥንቱ ነው ብለው ሲሸጧቸው ነው። በበርሜሉ ላይ ያለው የሠሪው ስምና የመንግሥት ፍተሻ ማኅተም ብዙውን ጊዜ እውነቱን ይናገራል። ማኅተሙ የነበረበት ቦታ ተፍቆ ከተገኘ ደግሞ መፋቁ ራሱ ምልክት ነው።

ሐ. የመጀመሪያ ይዘቱ

በሰብሳቢዎች ዘንድ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ «ዕቃው ከፋብሪካ እንደወጣ ነውን?» የሚለው ነው። ጠመንጃ ሲያረጅ ብረቱ ቡናማ ይሆናል፤ ቢጫው አካል ይጠቁራል፤ እንጨቱ ከእጅ ወዝ ይለሰልሳል። ይህ የዕድሜ ገጽ እድፍ አይደለም። ማንም እንዳልነካው የሚመሰክር ማስረጃ ነው። እኛ ያጠፋነው ይህንን ምስክር ነው።

የተነካካ ጠመንጃ በሚከተሉት ምልክቶች ይታወቃል፦

- የአካሉ ጠርዞች ስለት መሆን ሲገባቸው ዱልዱም ይሆናሉ፤
- የተቀረጹት ፊደሎች ጥልቀት ያንሳል፤ አንዳንዱ ፊደል በግማሹ ይጠፋል፤
- ብሎኖቹ ልኩ ባልሆነ ካቻቢቴ ተፈትተው ራሳቸው ይቆሳስላል፤
- እንጨቱ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከብረቱ ዝቅ ይላል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ግን ከብረቱ ትንሽ ከፍ ያለ ነበር፤
- በዝገት ጉድጓዶች ላይ አዲስ ጥቁር ቀለም ይታያል፤ ጉድጓዱ ከቀለሙ ከቀደመ ቀለሙ የኋላ ነው ማለት ነው።

የመጨረሻው ምልክት በተለይ እኛን የሳበን ነው። በቁስል ጠባሳ ላይ የተቀባ ቅባት ጠባሳውን እንደማያጠፋው ሁሉ ማለት ነው።

መ. የይዞታ ደረጃ

ከዚህ ቀጥሎ ይዞታው በደረጃ ይመደባል። በስፋት የሚሠራበት የአሜሪካ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር ለጥንታዊ መሣሪያዎች ያወጣው መለኪያ ነው። በዚህ መለኪያ ሁሉም ክፍሎቹ የመጀመሪያዎቹ ሆነው ከመጀመሪያ ቀለሙ ከ80 በመቶ በላይ የቀረለት «እጅግ ጥሩ» ይባላል። ከ30 በመቶ በላይ የቀረለት በሁለተኛ ደረጃ ይመደባል። ክፍሎቹ ሁሉ የመጀመሪያዎቹ ሆነው ቀለሙ ከ30 በመቶ እስከ ምንም የቀረለት ሦስተኛ ነው። ትንንሽ ክፍሎቹ የተለወጡ፣ ወይም የተፈተገና እንደገና የተቀለመ ጠመንጃ ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ዋና ዋና ክፍሎቹ የተተኩ ደግሞ የበለጠ ዝቅ ይላል።

ልብ በሉ፤ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ያለቀለት ግን ያልተነካካ ጠመንጃ፣ ከሚያብረቀርቀውና ከታደሰው በላይ ይመደባል። የቴይዜ ጠመንጃ ከሦስተኛው ደረጃ ወደ ታች የወረደው በአንድ ቅዳሜ ነው። ተመሳሳይ ሞዴል የሆኑ ሁለት ጠመንጃዎች በይዞታቸው ልዩነት ብቻ አንዱ የሌላውን አሥር እጥፍ ሊያወጣ ይችላል።

ሠ. ታሪክና ማስረጃ

ጠመንጃው የማን ነበር? የት ዋለ? ይህ ጥያቄ ዋጋን ከምንም ነገር በላይ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በ2016 በአሜሪካ አንድ ሞዴል 1886 ዊንቸስተር በጨረታ 1,265,000 ዶላር ተሸጧል። መለያ ቁጥሩ 1 ነበር፤ ባለቤቱም የአፓቼው መሪ ጀሮኒሞ እጁን እንዲሰጥ ያደረገውን ዘመቻ የመራው ሻምበል ሄንሪ ሎውተን ነበር። ዋጋውን የሰቀለው ግን ታሪኩ በማስረጃ የተደገፈ መሆኑ ነው።

ቴይዜም «የባለቤቴ ቅድመ አያት ፕሌቭና ላይ የያዘው ነው» ይሉ ነበር። አዛውንቱ ገማች በትሕትና ሰሙና «ሊሆን ይችላል፤ የሚያስረዳ ወረቀት፣ ፎቶግራፍ ወይም የአገልግሎት መዝገብ አለዎት?» አሉ። አልነበረም። እርሳቸውም የቤተሰቡን ቃል በግምቱ ወረቀት ላይ «በቤተሰቡ እንደሚነገረው» ብለው ጻፉት፤ ዋጋ ግን አልጨመሩበትም። ይህ ክብርን መንፈግ አይደለም። ገዢው የሚከፍለው ሊረጋገጥ ለሚችለው ነገር ነው፤ ነገ እርሱም ለሌላ ገዢ ማስረዳት ይጠበቅበታልና።

ረ. ገበያውን ማጥናት

ሌላው ሁሉ ከታወቀ በኋላ የመጨረሻው ሥራ ከተመሳሳይ ዕቃዎች ጋር ማወዳደር ነው። እዚህ ላይ ትልቁ ስሕተት የተጠየቀ ዋጋን ከተሸጠበት ዋጋ ጋር ማምታታት ነው። አንድ ሱቅ መስኮት ላይ የተለጠፈ ዋጋ የባለሱቁ ምኞት ነው፤ የጨረታ ቤት ውጤት ግን የተፈጸመ ነገር ነው። ቢቻል በቅርብ ጊዜ የተሸጡ አምስት ያህል ተመሳሳዮችን መፈለግ፣ የይዞታቸውን ልዩነት ማስላት፣ የጨረታ ቤቱን ኮሚሽንም መቀነስ ያስፈልጋል።

ውጤቱም አንድ ቁጥር ሳይሆን ክልል መሆን አለበት። በላቦራቶሪ የደም ምርመራ ውጤት ላይ «ከዚህ እስከዚህ ጤናማ ነው» እንደሚባለው ሁሉ፣ ታማኝ ገማችም «ከዚህ እስከዚህ» ይላል። ደግሞም የሚገምተው ሰው ገዢው ራሱ መሆን የለበትም። ሐኪሙ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሲሆን ማዘዣው እንደሚረዝም ሁላችንም እናውቃለን።

4. የቴይዜ ጠመንጃ መጨረሻ

አዛውንቱ ግምታቸውን ጽፈው ሰጡ። ከተጎዳም በኋላ ግምቱ የመጀመሪያው ነጋዴ ከጠራው ዋጋ ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። ስለዚህ ሁለት ነገር በአንድ ቀን ታወቀ። ነጋዴው ቴይዜን ሊያታልል ነበር፤ እኛ ደግሞ ከነጋዴው ባልተናነሰ ጎዳናቸው። እርሱ በዕውቀቱ፣ እኛ ባለማወቃችን። የእኛ የሚለየው በመልካም ሐሳብ መሆኑ ነው፤ ጣራ የሚጠግነው ግን መልካም ሐሳብ አይደለም።

በዚያ ምሽት ተሰብስበን ተነጋገርን። አንዳችን «ጉዳዩ ካለፈ ዝም እንበል» አለ። የቀረነው አልተስማማንም። ወርደን ቴይዜን ይቅርታ ጠየቅናቸው። ያጎደልነውን ገንዘብ በሙሉ መተካት ባንችልም፣ ከወር ድጎማችን እየቀነስን የሠራተኛውን ደመወዝ ለመካፈል ቃል ገባን። ሸክላውንም እኛው ተሸክመን ጣራ ላይ አወጣን። ጠመንጃው በሕጉ መሠረት ለአንድ የከተማው ሰብሳቢ ተላለፈ። ቴይዜም «ዋጋውን ዐውቄ ነው የሸጥኩት፤ ይህ ይበቃኛል» አሉን። ቀጥለውም «ከእንግዲህ ግን ያለ እኔ ፈቃድ ድስት እንኳ እንዳታጥቡ» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ትንሽ ያማል።

በሕክምና የመጀመሪያው ደንብ «አትጉዳ» የሚል ነው። ደንቡን ለፈተና ሸምድደነዋል። ትርጉሙን የተማርነው ግን ከጠመንጃ ነው።

5. ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

«እኛ ዊንቸስተር የለንም» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ በአገራችን የሚታወቁት ውጅግራ፣ ሰናድር፣ ሬሚንግተንና የመሳሰሉት ናቸው። ከእነዚህም ከፊሎቹ በጉንደት በ1875 እና በጉራ በ1876 ከግብጽ ሠራዊት የተማረኩ ሬሚንግተኖች ነበሩ። በብዙዎቻችን ቤተሰብ የአያት ጠመንጃ አለ፤ ወይም ነበረ። የተማሪ ቤተሰብ ደግሞ ችግር ሲገጥመው በቅድሚያ የሚሸጠው እንዲህ ያለውን ዕቃ ነው። ስለሆነም ለቤተሰቦቻችን በምንጽፈው ደብዳቤና በምንደውለው ስልክ የሚከተሉትን ብናሳስብ መልካም ነው።

አንደኛ፣ ሕጉን መጠየቅ። በአገራችን የጦር መሣሪያ አያያዝ በ2020 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ይመራል። የቅርስን ጉዳይ ደግሞ በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ይመለከታል፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ማንም «ውጭ አገር ወስጄ በውድ እሸጥልሃለሁ» ቢላችሁ አትቀበሉት። ዋጋውም ክብሩም ወንጀልን አያጥብም።

ሁለተኛ፣ አለመፈተግ። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ማንሣት፣ ከእርጥበት ማራቅ፣ ሌላውን ለዐዋቂ መተው።

ሦስተኛ፣ ታሪኩን ዛሬውኑ መጻፍ። አያት ወይም አባት በሕይወት ሳሉ «ማን ያዘው? ከማን አገኘው? የት ዘመተበት? ማን ያውቃል?» ብሎ ከነቀኑ መመዝገብ፤ አሮጌ ፎቶግራፍና የፈቃድ ወረቀት ካለ አብሮ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ቃል ከሰውዬው ጋር ይቀበራል። ይህም ጠመንጃው ባይሸጥ እንኳ ለልጅ ልጅ ይጠቅማል።

አራተኛ፣ ታሪኩን ከዕቃው ጋር ማመሳከር። ስለ ዓድዋ ጠመንጃ የማይወራበት ቤት የለም። ነገር ግን በርሜሉ ላይ 1917 የሚል ዓመት የተመታበት የጣሊያን ካርካኖ በ1896 ዓድዋ ሊውል አይችልም። ምናልባት የተማረከው በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ይሆናል፤ ይህም ታላቅ ታሪክ ነው። እውነተኛው ታሪክ እያለ በተሳሳተው መኩራት አያስፈልግም።

መደምደሚያ

የአሮጌ ጠመንጃ ዋጋ በሚያብረቀርቅ ገጽ ወይም በሚያምር ወሬ አይወሰንም። የሚወሰነው በማንነቱ፣ በመጀመሪያ ይዘቱ፣ በይዞታው፣ በተረጋገጠ ታሪኩና በእውነተኛ ገበያ ነው። ከእነዚህ አራቱን መርምሮ ማወቅ ይቻላል፤ የመጀመሪያ ይዘት ግን አንዴ ከጠፋ በምንም ገንዘብ አይመለስም። ስለዚህ በማናውቀው ነገር ላይ እጃችንን ከማንሣታችን በፊት የሚያውቀውን እንጠይቅ። የምናውቅም ከሆነ ለማያውቀው እውነቱን የመንገር ግዴታ አለብን። ተምረናል የሚያሰኘንም ይኸው ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ሻጩ የዕቃውን ማንነት ባያውቅ፣ ገዢው ደግሞ ቢያውቅ፣ ገዢው የመናገር ግዴታ አለበትን? ነጋዴስ ከሆነ?

2. በመልካም ሐሳብ የተፈጸመ ጉዳት ካሣ ሊከፈልበት ይገባልን? መጠኑስ እንዴት ይለካ?

3. በቤተሰባችሁ ውስጥ ታሪኩ ያልተጻፈ ምን ዕቃ አለ? ታሪኩንስ የሚያውቀው ማን ነው? ዕድሜው ስንት ነው?